የሸራ ጀልባ ኑሮ በአትላንቲክ ጠረፍ የውስጥ የውሃ መንገድ

የአትላንቲክ ጠረፍ የውስጥ የውሃ መንገድ በዩናይትድ ስቴትስ ምሥራቃዊ ጠረፍ የሚገኝ የጀልባ መስመር ነው። ከኖርፎክ ከተማ (ቨርጂኒያ) ተነሥቶ በሰሜን ካሮላይና፣ በደቡብ ካሮላይና፣ በጆርጂያና በፍሎሪዳ በኩል እስከ ማያሚ ወደ 1,750 ኪሎሜትር ይረዝማል። ከዚያም እስከ ኪ ዌስት ደሴት ይቀጥላል። ጀልባቸውን ቤታቸው አድርገው በዚህ መስመር ለወራት ወይም ለዓመታት እየተጓዙ የሚኖሩ ሰዎች አሉ።

መንገዱ ከውቅያኖስ ሞገድ የተከለለ ስለሆነ ለትናንሽ ጀልባዎች ይመቻል። ነገር ግን ውሃው በብዙ ቦታ ጥልቀት የለውም፤ ከላይ ደግሞ ድልድዮች አሉ። ስለዚህ በሸራ ጀልባ የሚኖር ሰው ሁለት ቁጥሮችን ሁልጊዜ ማወቅ አለበት፦ ጀልባው ከውሃ በታች ስንት ሜትር እንደሚጠልቅ፣ ሸራው የሚሰቀልበት ምሰሶ (ደቀል) ከውሃ በላይ ስንት ሜትር እንደሚቆም።

አቀማመጥ

መስመሩ አንድ ወጥ ቦይ አይደለም። ወንዞች፣ ከዳርቻ ደሴቶች ጀርባ ያሉ የተከለሉ ውሃዎችና በሰው የተቆፈሩ ቦዮች ተያይዘው የፈጠሩት ነው። ርቀቱ ከኖርፎክ «ማይል ዜሮ» ተብሎ ይቆጠራል። እዚህ የሚሠራበት በየብስ የሚታወቀው ማይል (1.609 ኪሎሜትር) እንጂ የባሕር ማይል አይደለም።

የመንገዱ ምልክቶች ቢጫ ናቸው። ወደ ደቡብ የሚጓዝ ጀልባ ቢጫ ሦስት ማዕዘን ያለበትን ምልክት በቀኙ፣ ቢጫ አራት ማዕዘን ያለበትን በግራው ያደርጋል። መስመሩ ከወንዝ ወይም ከባሕር መግቢያ ጋር ሲገናኝ የቀይና የአረንጓዴ ምልክቶች ጎን ሊለዋወጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ ቢጫውን መከተል ያስፈልጋል።

ታሪክ

ከመስመሩ ክፍሎች አንዱ በቨርጂኒያና በሰሜን ካሮላይና መካከል ያለው የዲስማል ረግረግ ቦይ ነው። ቁፋሮው እ.ኤ.አ. በ1793 ተጀምሮ በ1805 ለጉዞ ተከፈተ። ቦዩን በእጅ መሣሪያ የቆፈሩት በአብዛኛው በባርነት የተያዙ ጥቁር ሰዎች ነበሩ። ረግረጉ ራሱ ከባርነት ላመለጡ ሰዎች መሸሸጊያ ነበር። በባርነት የተወለደው ሞዝስ ግራንዲ በዚህ ቦይ የጭነት ጀልባዎችን ይመራ ነበር። ነፃነቱን ለመግዛት ሁለት ጊዜ ከፍሎ ሁለቴም ተካደ፤ ነፃ የወጣው ለሦስተኛ ጊዜ ከፍሎ ነው። የሕይወት ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1843 ለንደን ውስጥ ታተመ። ዛሬ የመዝናኛ ጀልባዎች የሚያልፉት በዚሁ ቦይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1808 የገንዘብ ሚኒስትሩ አልበርት ጋላቲን አገር አቀፍ የመንገዶችና የቦዮች እቅድ አቀረበ። በ1859 የአልበማርልና ቼሳፒክ ቦይ ተከፈተ። በ1942 የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች በጠረፉ ብዙ መርከቦችን ሲያሰጥሙ የተከለለው የውስጥ መስመር ጥቅሙ ጎልቶ ታየ። ዛሬ መስመሩን የሚጠብቀው የአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ኮር ነው።

ጥልቀትና ድልድዮች

በእቅድ ደረጃ ጥልቀቱ ከኖርፎክ እስከ ፎርት ፒርስ 12 ጫማ (3.7 ሜትር)፣ ከዚያ እስከ ማያሚ 10 ጫማ (3 ሜትር) ነው። ደለል በሚከማችባቸው ቦታዎች ግን እውነተኛው ጥልቀት ከዚህ ያንሳል። የማይከፈቱት ድልድዮች አብዛኞቹ 65 ጫማ (19.8 ሜትር) ከፍታ አላቸው። ማያሚ ያለው የጁሊያ ታትል ድልድይ ግን 56 ጫማ (17 ሜትር) ብቻ ስለሆነ ምሰሶው ከዚያ የረዘመ ጀልባ ወደ ውቅያኖስ ወጥቶ ማለፍ አለበት።

ሁለቱንም ቁጥሮች የሚለውጠው የባሕር ሙላትና ጉድለት ነው። በጆርጂያ በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው ልዩነት ከ2 ሜትር ይበልጣል። ጥልቀት የሌለውን ቦታ ውሃው እየሞላ ሳለ ማለፍ ይመረጣል፤ ጀልባው መሬት ቢነካ እንኳ የሚጨምረው ውሃ ያነሣዋል። ነገር ግን ይኸው ሙላት ምሰሶውን ወደ ድልድዩ ያስጠጋዋል። ሙላቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ መሬት የነካ ጀልባ ደግሞ ቀጣዩን ሙላት ለመጠበቅ 12 ሰዓት ያህል ሊቆም ይችላል።

መልሕቅ

ሌሊት ለማደር ጀልባው ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ) ይገባል ወይም መልሕቅ ይጥላል። የመልሕቁ ገመድ ወይም ሰንሰለት ብዙ ጊዜ የከፍታውን 7 እጥፍ እንዲሆን ይመከራል። ለምሳሌ ጥልቀቱ 3 ሜትር፣ የጀልባው አፍንጫ ከውሃ በላይ 1 ሜትር፣ የሚጠበቀው ሙላት 2.5 ሜትር ቢሆን፦

(3 + 1 + 2.5) × 7 = 45.5 ሜትር

ሙላቱን የረሳ ሰው 28 ሜትር ብቻ ይለቃል። ውሃው ሲሞላ ይህ ወደ 4.3 እጥፍ ይወርዳል፤ ነፋስ ቢነሣ መልሕቁ ሊነቀልና ጀልባው ሰው ተኝቶ ሳለ ሊወሰድ ይችላል።

ዕለታዊ ኑሮ

መስመሩ በብዙ ቦታ ጠባብ ስለሆነ የሸራ ጀልባም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ በሞተር ይሄዳል። ፍጥነቱ በሰዓት 10 ኪሎሜትር ገደማ ነው። በቀን 8 ሰዓት የሚጓዝ ሰው 80 ኪሎሜትር ስለሚሸፍን ከኖርፎክ ማያሚ ለመድረስ ሳያርፍ ቢያንስ 22 ቀን ይፈጅበታል።

ውሃ፣ መብራትና ነዳጅ ሁሉ የተቆጠሩ ናቸው። የሚጠጣ ውሃ በታንከር ይያዛል፤ ኤሌክትሪክ ከባትሪ፣ ከፀሐይ ኃይል ወይም ከሞተሩ ይገኛል። ያልታከመ የሽንት ቤት ፍሳሽ በዚህ መስመር ውሃ ውስጥ መልቀቅ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ በማጠራቀሚያ ተይዞ በየማሪናው ይመጠጣል።

የሚከፈት ድልድይ ሲያጋጥም ለድልድዩ ሠራተኛ በቪ.ኤች.ኤፍ. ሬዲዮ ይነገራል፦ በቨርጂኒያና በሰሜን ካሮላይና በቻናል 13፣ ከዚያ ወደ ደቡብ በቻናል 9። ለአደጋ ጥሪ የሚያገለግለው ቻናል 16 ነው።

ወቅትና አደጋ

ብዙዎች በጥቅምትና በኅዳር ወደ ደቡብ ይወርዳሉ፤ ብርዱ ሲያልፍ ወደ ሰሜን ይመለሳሉ። የአትላንቲክ የከባድ አውሎ ነፋስ (ሃሪኬን) ወቅት እ.ኤ.አ. ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው።

በጀልባው ውስጥም አደጋ አለ። የማብሰያ ጋዝ (ፕሮፔን) ከአየር ስለሚከብድ ካመለጠ በጀልባው ወለል ሥር ተጠራቅሞ ሊፈነዳ ይችላል። ከሞተር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በተዘጋ ክፍል የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ስለዚህ የጋዙ ሲሊንደር ወደ ውጭ በሚተነፍስ ሣጥን ይቀመጣል፤ በመኝታው ክፍልም የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ይገጠማል።

ደግሞ ይዩ

ጀልባ
ቦይ
አትላንቲክ ውቅያኖስ