ግማሽ ኢንች ከግማሽ ኢንች ለምን አይገጥምም?

ላቫጆ ቤት መኪና ሲታጠብ የውሃው ጎማ ከማሽኑ ጋር የሚያያዝበትን ፊቲንግ አይታችሁታል? ላዩ ላይ ጠመዝማዛ ጥርስ አለው። የጥርሱ ቅርፅ የተወሰነው ግን የመኪና ማጠቢያ ማሽን ከመፈጠሩ በፊት ነው።

እስከ 1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ በእንግሊዝ አገር እያንዳንዱ ወርክሾፕ ቡሎኑንና ዳዶውን በራሱ ልክ ነበር የሚሠራው። የአንዱ ቡሎን ለሌላው ዳዶ አይሆንም። ጆሴፍ ዊትዎርዝ የተባለ መሐንዲስ ከየወርክሾፑ ቡሎን ሰብስቦ ለካና አማካዩን ወሰደ። በ1841 ያቀረበው ሐሳብ፣ በሁለት ጥርሶች መካከል ያለው ማዕዘን 55 ዲግሪ ይሁን የሚል ነበር።

በ1864 ደግሞ አሜሪካዊው ዊሊያም ሴለርስ በፊላደልፊያ ተነሳና “60 ዲግሪ ይሻላል” አለ። ምክንያት ነበረው፤ 60 ዲግሪ የእኩል ጎን ሦስት ማዕዘን ስለሆነ ለመሥራትም ለመለካትም ይቀላል። የቧንቧ ጥርስም በዚያው ተከፈለ። የእንግሊዙ (ቢኤስፒ) 55 ዲግሪ፣ የአሜሪካው (ኤንፒቲ) 60 ዲግሪ ሆኖ እስከ ዛሬ አለ።

የጥርስ አለመግባባት ቀላል ነገር ከመሰላችሁ ባልቲሞርን ተመልከቱ። የካቲት 1904 (እ.ኤ.አ.) ከተማዋ በእሳት ስትያያዝ ከዋሽንግተንና ከሌሎች ከተሞች የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደረሱ። ውሃው አለ፣ ጎማው አለ፤ የብዙዎቹ ጎማ ግን ከባልቲሞር የውሃ መሙያ ጋር አልገጥም አለ! ከ1,500 በላይ ሕንፃዎች ወደሙ። በኋላ ሲጠና በአሜሪካ ከ600 በላይ ዓይነት የእሳት አደጋ ጎማ መገጣጠሚያ ተገኘ።

ወደ ላቫጆው እንመለስ። በግማሽ ኢንች ፊቲንግ ላይ የእንግሊዙም የአሜሪካውም በአንድ ኢንች 14 ጥርስ ነው ያላቸው። ስለዚህ አንዱ ሌላው ውስጥ ጥቂት ዙር ይገባል፣ ይጠብቃልም። ገጠመ ትላላችሁ። ማዕዘኑ ስለሚለያይ ግን በጥርሶቹ መካከል ቀጭን ክፍተት ይቀራል። በቤት ውሃ ግፊት ቴፍሎን ይደብቀው ይሆናል። የማጠቢያ ማሽን ግን ከ100 ባር በላይ ሊገፋ ይችላል፤ ይህም ከአየር ግፊት 100 እጥፍ ገደማ ነው። እዚያ ላይ ፊቲንጉ ያንጠባጥባል፣ ሲብስም ተፈናጥሮ ሰው ይጎዳል።

ታዲያ እንዴት ይመረጣል? ስሙን አትመኑ። “ግማሽ ኢንች” የድሮ የብረት ቧንቧ የውስጥ ስፋት ስም ነው፤ የጥርሱ የውጭ ስፋት ወደ 21 ሚሊሜትር ይጠጋል። የውጩን በካሊፐር ለኩ፣ በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉትን ጥርሶች ቁጠሩ፣ ማዕዘኑን በጥርስ መለኪያ አረጋግጡ። ኤም 22 የሚባለው ሜትሪክ ፊቲንግ ከሆነ ደግሞ ውስጡንም እዩ፦ ጥርሱ አንድ ሆኖ የውስጥ ጫፉ 14 ወይም 15 ሚሊሜትር ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ካልተመሳሰሉ በጉልበት አታጥብቁ፤ ግፊቱን የሚችል አዳፕተር ግዙ።