ከአገራችን ወጥተው በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የሰፈሩ ቃላት

ስክራብል የተባለውን የቃላት ጨዋታ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1938 የፈለሰፈው አልፍሬድ በትስ የተባለ አሜሪካዊ የሕንፃ ንድፍ ዐዋቂ ነው። ተጫዋቾች ፊደል የተጻፈባቸውን ትንንሽ ጠፍጣፋ እንጨቶች እየገጣጠሙ ቃል ይሠራሉ፤ እያንዳንዱም ፊደል የራሱ ነጥብ አለው። የሰውና የአገር ስም አይፈቀድም እንጂ ቃሉ በመዝገቡ ከተገኘ ትርጕሙን ማንም አይጠይቅም። ኒጀል ሪቻርድስ የተባለው የኒው ዚላንድ ሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 በፈረንሳይኛው ሻምፒዮና ያሸነፈው ፈረንሳይኛ መናገር ሳይችል ነው።

እኛ የደሴ ልጆች ግን አንዳንዱን ቃል ትርጕሙን ሳንጠይቅ ልናልፈው አይቻለንም፤ ከቤታችን የወጣ ነውና። «ራስ» እና «ንጉሥ» ሁለቱም በእንግሊዝኛው መዝገብ አሉ። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፉ ፊተኛው 3፣ ኋለኛው 6 ነጥብ ያስገኛል። ከ3 ወደ 6 መሻገር በሰሌዳው ላይ ቀላል ነገር ነው። በከተማችን ግን ራስ ሚካኤል በልጃቸው በልጅ ኢያሱ ዘመን፣ በ1906 ዓ.ም.፣ የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ፤ በ1909 ዓ.ም. በሰገሌ ጦርነት ድል ሆነው ተማረኩ። በደሴ ትምህርት ቤት የተሰየመላቸው ወይዘሮ ስኂን የእኚህ ንጉሥ ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት ናቸው።

እንግሊዞች ይህንኑ ቃል ለአንድ መጠጥም ይጠሩበታል፤ ይኸውም ወይን በሙቅ ውሃ፣ በስኳርና በሎሚ የተበረዘ ነው። ስሙን ያገኘው ፍራንሲስ ኒገስ ከሚባል ኮሎኔል ነው እንጂ ከእኛ ንጉሥ ጋር አንዳች ዝምድና የለውም። (ወይንን በሙቅ ውሃ ማቅጠን ጠጅ ለለመደ ሰው የሚያስቀና አይመስለኝም።) «ብር»ም እንዲሁ ነው። የገንዘባችን ስም በእንግሊዝኛ «ዶላር» መባሉ ቀርቶ «ብር» የተባለው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 ሲሆን፣ በዚያው አጻጻፍ ኀይልንና እንደ መንኰራኵር ያለ ድምፅን የሚያመለክት የስኮትላንድ ቃል ከጥንት ጀምሮ ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው በኮምቦልቻ ዙሪያ የሚዘራው ጤፍ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ስለ ጤፍ ጽፏል። ቃሉ በሁለት «ኤፍ» ሲጻፍ 10 ነጥብ ይሰጣል፤ ዳሩ ግን በሳጥኑ ካሉት 100 እንጨቶች «ኤፍ» ያለባቸው ሁለት ብቻ ናቸው። አንደኛውን ባላጋራ ቀድሞ ቢወስደውም ተጫዋቹ ተስፋ አይቈርጥም፤ ጤፍን በአንድ «ኤፍ» መጻፍም ተፈቅዷልና።