ጓሣ፦ ጣራ የሌለው ቤተ ሙከራ

በመንዝ ካለችው ከመሐል ሜዳ ከተማ ብዙም የማይርቀው የጓሣ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። የመንዝ ሰዎች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቀሮ ሥርዓት ይጠብቁት ነበር፤ ለዓመታት ይዘጋ፣ ሣሩ ሲደርስ ይከፈት ነበር። ያኔ ልጅ ትምህርቱን የሚቀስመው ማጭድ ይዞ ነበር፦ ጓሣ የተባለውን ሣር ጨብጦ፣ ለክዳን የጠናውን ከለጋው በጣቱ እየለየ።

የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ የቆመበትን የርስት መሠረት ሲያፈርስ ቀሮም አብሮ ወደቀ።

ሜዳው ግን ማስተማሩን አልተወም፤ እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ ተመራማሪዎች የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ እየተከተሉ ውሎውን በዚያው ሲመዘግቡ ቆይተዋል። ቀይ ቀበሮ አይጥ ሲያድን የሚታይበት ሜዳ ደጃፉ እያለ፣ ባዮሎጂን ከመጽሐፍ ሥዕል ብቻ የሚያውቅ ተማሪ በእጅጉ ያስቆጫል። አራት ችካል፣ ገመድና ደብተር ይበቁታል፦ ሜትር በሜትር ከልሎ ሣሩን በየዓይነቱ መቁጠር፣ ለከርሞም እዚያው ተመልሶ መቁጠር።