ቅኔ ማኅሌት

ቅኔ ማኅሌት ከቤተ ክርስቲያን ሦስት ክፍሎች ውጨኛው፣ መዘምራን ማኅሌት የሚቆሙበት ሲሆን፣ ከእርሱ ቀጥሎ ምእመናን የሚቆርቡበት ቅድስት፣ ከመካከልም ታቦቱ በመንበሩ የሚያድርበትና ከካህናትና ከዲያቆናት በቀር የማይገባበት መቅደስ ይገኛል። በጎጃም ደጋ በብዛት በሚታየው ክብ አሠራር ቅኔ ማኅሌቱ ሁለቱን እንደ ቀለበት ይከባቸዋል፤ መቅደሱ ግን አራት ማዕዘን ነው፣ የውጭ ግድግዳውም በሥዕል ይሸፈናል፤ በጣሪያው ጫፍ በሚቆመው ጉልላት ላይ ብዙ ጊዜ የሰጎን እንቁላል ይሰካል። ይህ አሠራር ጥንትም ብቸኛው አልነበረም፤ እቴጌ እሌኒ በመርጡለ ማርያም ያሠሯት፣ ፍርስራሿ ዛሬም የሚታየው ቤተ ክርስቲያን በተቀረጸ ድንጋይ ያጌጠች ባለ አራት ማዕዘን ነበረች።

የቅኔ ማኅሌት ዕቃ ጥቂት ነው፦ መጽሐፍ የሚዘረጋበት አትሮንስ፣ አንድ አፉ ሰፊ ሌላው ጠባብ የሆነ ከበሮ፣ ጸናጽል፣ እንዲሁም ሌሊቱን ሙሉ ለሚቆም መዘምር መደገፊያ፣ በዝማሜም ጊዜ መወዛወዣ የሚሆን መቋሚያ። ወንበር የለም፤ ድካሙን የሚያውቀው የቆመ ነው። የዋሸራና የጎንጅ ጉባኤ ቤቶች ያፈሯቸው ባለቅኔዎች ችሎታቸው የሚለካው በዚሁ ስፍራ ሲሆን፣ የሚቀርበውም ቅኔ ለበዓሉ አዲስ የተዘረፈ እንጂ ቀድሞ የተሰማ ሊሆን አይገባም።