ሐሮ ወንጪ፦ ሐይቁ ማስታወሻ ይይዛል፣ እኛስ?

ጀልባዋ መሃል ላይ ስትደርስ ቀዛፊውን ጠየቅኳቸው። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ምን ያህል ይጠልቃል?»

«ገመድ አይደርስበትም ይባላል፣ ልጄ» አሉኝ። ጥቂት ቀዝፈው ደግሞ፣ «ጥልቀቱን ተወው። እኔ ልጅ ሆኜ ዳር ዳሩን ስትሄድ ድንጋዩን ትቆጥረው ነበር። አሁን ክረምት ላይ ከገደሉ አፈሩ እየወረደ ያደፈርሰዋል» አሉ።

ያሉት እውነት ነው? ወይስ የልጅነት ውሃ ሁሌም ጥሩ ሆኖ ነው የሚታወሰን? ኮድ እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነኝ። አንድ ሲስተም ሲበላሽ «ድሮ ጥሩ ነበር» የሚል ሰው አይጠፋም፣ እኔ ግን መጀመሪያ የምከፍተው ሎጉን ነው። ታዲያ የወንጪ ሎግ የት ነው ያለው? ወደ ቤት ስመለስ ፍለጋ ጀመርኩ።

አንደኛው ሎግ ራሱ ሐይቁ ነው። ወንጪ የተኛው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አናቱ በሰመጠበት ጎድጓዳ ውስጥ ነው። «ሐሮ» በኦሮምኛ ሐይቅ ማለት ነው። ጎረቤቱ ደንዲም እንደዚሁ የእሳተ ገሞራ ልጅ ነው፣ ሁለት ክብ ተያይዘው ስምንት ቁጥርን ይመስላል። ሁለቱ ሐይቆች ጎን ለጎን ናቸው፣ ግን ውሃቸው አይገናኝም። የደንዲው በሁሉቃ ወንዝ አድርጎ አምቦን አቋርጦ፣ በጉደር በኩል ዓባይ ይገባል። የወንጪው በዋልጋ ወደ ጊቤ፣ ከዚያም በኦሞ ወደ ቱርካና ይወርዳል። አንዲት የዝናብ ጠብታ ከተራራው ጫፍ በየት በኩል እንደወደቀች ሜዲትራኒያንን ወይም የኬንያን በረሃ ታያለች ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ሐይቅ ታች ላይ በየዓመቱ ስስ የጭቃ ሽፋን ይደረባል። በውስጡ የአበባ ብናኝ፣ የከሰል ፍርፋሪና ከገደል የታጠበ አፈር አለ። የወንጪን አካባቢ የአበባ ብናኝ ያጠኑት ፈረንሳዊቷ ሬይሞንድ ቦነፊይና ባልደረባቸው ቡሼ የደኑን የቅርብ ዘመን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1987 አሳትመዋል። ከደንዲ ወለል ደግሞ የኮሎኝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 12,000 ዓመት ገደማ የሚሸፍን ጭቃ አውጥተው ውጤቱን በ2018 አወጡ። ጭቃው ሰሃራ አረንጓዴ የነበረበትን ዝናባማ ዘመንና በኋላ የመጣውን ድርቀት ይናገራል። ፈርዖኖች ሳይነሱ በፊት ደንዲ ማስታወሻ ይይዝ ነበር።

ችግሩ፣ ጭቃ በዝግታ ነው የሚጽፈው። የአንድ ሰው ዕድሜ ለውጥ ለማየት የሰው መዝገብ ያስፈልጋል። የእኛ አገር የሐይቅ ሳይንስ ታሪክም እዚህ ላይ ይመጣል።

እ.ኤ.አ. በ1965 ባክስተር፣ ፕሮሰር፣ ታሊንግና ዉድ የተባሉ ተመራማሪዎች የቢሾፍቱን ሐይቆች ጨምሮ በአፍሪካ ከፍታ ቦታዎች ያሉ ሐይቆች ውስጥ ውሃው እንዴት እንደሚደራረብ የሚያሳይ ጥናት አሳተሙ። ነገሩ ቀላል ነው፦ ፀሐይ ያሞቀችው ውሃ ይቀላል፣ ላይ ይንሳፈፋል። ቀዝቃዛው ከታች ይቀራል። ሁለቱ ካልተቀላቀሉ ታች ያለው ኦክስጅን ያልቃል። የበጋው ቀዝቃዛ ሌሊት ሲመጣ የላዩ ውሃ ይቀዘቅዝና ይሰምጣል፣ ሐይቁም ይገለበጣል። መገለባበጡ ማዳበሪያውን ወደ ላይ ያመጣል። ድንገተኛ ከሆነ ግን ኦክስጅን የሌለው ውሃ አብሮ ይወጣና ዓሣ በጅምላ ሊያልቅ ይችላል። ይህን የማያውቅ ሰው «ሐይቁ ተመረዘ» ብሎ ጎረቤቱን ሊከስ ይችላል።

መዝገብ ለምን እንደሚጠቅም በደንብ ያስተማረኝ ግን ወሎ ያለው ሐይቅ ነው። አዎ፣ ስሙም ሐይቅ ነው፤ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት። ድሮ የለኩት ሰዎች አንድ ነጭ ሰሃን በገመድ አስረው ሲያወርዱ እስከ 9 ሜትር ድረስ ታይቷቸዋል። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ቆሮሶ ዓሣ ተጨመረበት። ሐሳቡ መልካም ነበር፣ ሰው ዓሣ ይብላ ነው። ኤልሳቤጥ ከበደና ባልደረቦቻቸው በ1992 ያሳተሙት ጥናት ግን ሰሃኑ 1.2 ሜትር ላይ እንደሚጠፋ አሳየ። ማብራሪያቸው፦ ዓሣው አልጌ የሚግጡትን በዓይን የማይታዩ ትንንሽ እንስሳት በላ፣ አልጌው ከልካይ አጣ፣ ውሃው አረንጓዴ ሆነ። ያ የድሮ 9 ሜትር ባይመዘገብ ኖሮ ዛሬ «ሐይቁ ሁሌም እንዲህ ነው» ብለን እናልፈው ነበር።

ሐሮማያንም አስቡት። ለሐረር ከተማ ውሃ ይሰጥ የነበረው ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ደረቀ። ለመስኖም ለከተማም ያለ ልክ ተቀዳ፣ ከዙሪያው የተሸረሸረው አፈርም ሞላው። ከዓመታት በኋላ ውሃው መመለሱ ተስፋ ይሰጣል። ሆኖም ሐይቅ ጨርሶ ሊጠፋ እንደሚችል ከዚያ በላይ ማስረጃ አያስፈልገንም።

ወደ ወንጪ እንመለስ። ወንጪን ያጠኑት ፋሲል ደገፉና ባልደረቦቻቸው ሥራቸውን ያሳተሙት በ2014 ነው። ርዕሱ ላይ «የመጀመሪያ መዝገብ» እና «እጅግ ስጋት ላይ ያሉ» የሚሉ ቃላት አሉ። የመጀመሪያው! ደብረ ቂርቆስ በደሴቷ ላይ ስንት ትውልድ ሲቀደስበት ኖሮ፣ የውሃው ጤና በሙሉ የተመዘገበው በእኛ ዕድሜ ነው።

ከዚያ ነገሮች ፈጠኑ። በ2020 ወንጪ «ገበታ ለሀገር» ውስጥ ገባ። በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ መረጠው። መንገድ፣ ሎጅ፣ እንግዳ መጣ። እኔ አልከፋኝም፣ የአካባቢው ልጆች ሥራ ማግኘት አለባቸው። ግን አዲስ ነገር ወደ ሥራ ከማስገባቴ በፊት አሁን ያለው እንዴት እየሠራ እንደሆነ እለካለሁ። ያለዚያ ምን እንደተበላሸ እንኳ አላውቅም። የገደሉ እርሻ፣ የሎጁ ፍሳሽ፣ አንድ ቀን አንዱ «ይጠቅማል» ብሎ የሚጨምረው ዓሣ፣ ሁሉም ውሃው ላይ ይታያሉ። የሚያይ ካለ።

ያ ነጭ ሰሃን የመጣው ከሩቅ ነው። አንጄሎ ሴኪ የተባለ ጣሊያናዊ ካህንና የሥነ ፈለክ ሰው በ1865 በሊቀ ጳጳሱ መርከብ ላይ ሆኖ ባሕር ውስጥ ያወረደው ነው። ከ150 ዓመት በላይ አልፎታል፣ ዛሬም የሐይቅ ተመራማሪ ሁሉ ይጠቀምበታል። ባትሪ አይፈልግም፣ ኔትወርክ አይፈልግም።

ባለፈው ስሄድ ሰሃን፣ ገመድና ለማክበጃ ድንጋይ ይዤ ሄድኩ። ገመዱን በየሜትሩ ቋጥሬዋለሁ። ጋሼ መጀመሪያ ሳቁብኝ። ከዚያ ቀዘፋውን አቁመው አብረውኝ አጎነበሱ፣ ቋጠሮውንም ጮክ ብለው መቁጠር ጀመሩ። ሰሃኑ ሲጠፋ «በቃ!» አሉ፣ ቀስ ብለን ስናወጣው ደግሞ «መጣ!» አሉ።

ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም። የአንድ ቀን ልኬት፣ ያውም በእኔ እጅ፣ ምንም አያረጋግጥም። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቋጠሮውን ደብተር ላይ ጽፌ ለጋሼ ሰጠኋቸው። ሰሃኑም እሳቸው ጋ ነው። በየወሩ አንዴ እንደሚያወርዱት ቃል ገብተውልኛል።

«ማንበብ የልጅ ልጄ ትችላለች» አሉኝ ስንለያይ። «እሷ ትጽፈዋለች።»