ነፍሳት ገዳይ ፈንገሶችና የስምጥ ሸለቆ ቲማቲም

በአዳማ፣ በቆቃ፣ በመቂና በባቱ (ዝዋይ) አካባቢ በመስኖ ቲማቲም የሚያለሙ አርሶ አደሮችን ከሚፈታተኑ ተባዮች አንዱ በሳይንሳዊ ስሙ ቱታ አብሶሉታ የሚባለው ነው፡፡ መነሻው ደቡብ አሜሪካ ሲሆን በኢትዮጵያ የታየው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፡፡ ትሉ ቅጠልና ፍሬ ሰርስሮ ውስጥ ስለሚኖር የሚረጭ ኬሚካል በቀላሉ አያገኘውም፤ አንድ ዓይነት ኬሚካል ሲደጋገምበትም ይላመደዋል፡፡

ከአማራጮቹ መካከል ቢቬሪያ ባሲያናና ሜታራይዚየም አኒሶፕሊዬ የተሰኙ፣ በአፈር ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኙ ፈንገሶች ይጠቀሳሉ፡፡ በአምቦ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ያሰባሰባቸው አገር በቀል ዝርያዎች በዚሁ ትል ላይ ተሞክረው የመግደል አቅም አሳይተዋል፡፡

ፈንገሱ ለመግደል በተባዩ መበላት አያስፈልገውም፡፡ ዱቄት መሰል ዘሩ በተባዩ ቆዳ ላይ ተጣብቆ ይበቅላል፤ ቆዳውን በኢንዛይም አሟሙቶ ይገባል፤ በሰውነቱ ውስጥም ይራባል፡፡ ተባዩ የሚሞተው ከቀናት በኋላ ነው፡፡ እርጥበት ካለ ቢቬሪያ የገደለው ነጭ፣ ሜታራይዚየም የገደለው ደግሞ አረንጓዴ ሻጋታ ለብሶ ይታያል፡፡ በርጭቱ ማግስት ትሉን በሕይወት ያየ አርሶ አደር መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ወደ ኬሚካል ቢመለስ አይፈረድበትም፤ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ይህን አስቀድሞ ሊያስረዳው ይገባል፡፡ ትሉ ቅጠል ውስጥ ከገባ ፈንገሱም ስለማይደርስበት፣ ርጭቱ በዕንቁላልና በለጋ ትል ወቅት መሆን አለበት፡፡

ከሁሉ የከፋው ችግር ግን ከዚያው ማሳ ይመነጫል፡፡ ቲማቲም በሻጋታ በሽታ ስለሚጠቃ እንደ ማንኮዜብ ያሉ የፈንገስ መከላከያዎች ይረጩበታል፡፡ እነዚህ ኬሚካሎች ወዳጅንም ጠላትንም አይለዩም፤ ከቢቬሪያ ጋር በአንድ መርጫ ከተቀላቀሉ ገንዘቡ ባክኖ ይቀራል፡፡ የቆላው ፀሐይም ዘሩን ስለሚገድለው ርጭቱ አመሻሽ ላይ ቢሆን ይመረጣል፡፡ በሞቃት መጋዘን የከረመ ምርትም ኃይሉ ይደክማል፡፡

ጥንቃቄ የሚያሻው ሌላው ጉዳይ የሐር ልማት ነው፡፡ ጣሊያናዊው አጎስቲኖ ባሲ እ.ኤ.አ. በ1835 የሐር ትልን የሚፈጀው በሽታ ከዚሁ ፈንገስ እንደሚመጣ አረጋግጧል፤ ባሲያና የሚለው ስያሜም ከእርሱ የተወሰደ ነው፡፡ በአዳማ አቅራቢያ የሚገኘው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የሐር ትል ምርምር ስለሚያካሂድ፣ ትሉ በሚረባበትና መኖው ጉሎና እንጆሪ በሚለማበት አካባቢ ቢቬሪያን መርጨት አይመከርም፡፡

የሜታራይዚየም ዝርያ የሆነ ምርት እ.ኤ.አ. በ2020 በጎረቤት ሶማሊያ የበረሃ አንበጣን ለመከላከል በስፋት ተረጭቷል፡፡ በኢትዮጵያ ማንኛውም ፀረ ተባይ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት መመዝገብ ስለሚኖርበት፣ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ምርቱን ለአርሶ አደሩ ከማከፋፈላቸው አስቀድመው የምዝገባ ማስረጃውንና የሚያበቃበትን ቀን ማየት ይጠበቅባቸዋል፡፡