በሩና ቤቱ፦ የእንግዳ ተማሪ የመጀመሪያ ቀናት በጀጎል

ለጥናት ወደ ባዕድ አገር የሚጓዝ ተማሪ ደብተሩንና የመምህሩን የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ ይነሣል። የሚመረምረውን ጉዳይ አስቀድሞ አስቦበታል፤ የሚጠይቃቸውንም ጥያቄዎች አሰናድቷል። ይሁን እንጂ የድካሙ ፍሬ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው ጥናቱ ገና ሳይጀመር፣ በደረሰበት አገር በሚያሳልፋቸው ጥቂት የመጀመሪያ ቀናት ነው። ማን ተቀበለው? የት አደረ? የማን እንግዳ ተባለ? እነዚህ ጥያቄዎች በየትኛውም አገር ክብደት ያላቸው ቢሆኑም፣ በጀጎል ውስጥ ግን ከቶ የሚታለፉ አይደሉም።

በታሪክ እንደሚታወቀው ጀጎል የተባለው ቅጥር በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ዘመን የተሠራ ነው። በውስጡ የታቀፈው ቦታ 48 ሄክታር ያህል ሲሆን፣ ከጥንት የነበሩት በሮች አምስት ናቸው። የከተማው ተወላጆች አሱም በሪ፣ አርጎብ በሪ፣ ሱቁታት በሪ፣ በድሮ በሪና አስመዲን በሪ ሲሏቸው፣ በአማርኛ ፈላና በር፣ ኤረር በር፣ ሰንጋ በር፣ ቡዳ በርና ሸዋ በር ይባላሉ። ሐረሪዎች ከተማቸውን «ጌ»፣ ቋንቋቸውን «ጌይ ሲናን»፣ ራሳቸውንም «ጌይ ኡሱእ»፣ ማለትም የከተማ ሰው፣ ብለው ይጠራሉ። እንግዲህ ቅጥሩ የጠላት መከላከያ ብቻ ሆኖ አልኖረም፤ የውስጡንና የውጭውን ሰው የሚለይ ወሰንም ነበር።

በዚህ ወሰን ላይ የመጣ የአውሮፓ መርማሪ ምን እንደሚገጥመው ከሁሉ አስቀድሞ ያየው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ነው። በርተን ተማሪ ሳይሆን የጦር መኮንን ነበር፤ ሆኖም ቋንቋና ልማድ ለማጥናት መምጣቱ ከኋለኞቹ ተማሪዎች ጋር ያመሳስለዋል። ከዘይላ ሲነሣ የዐረብ ነጋዴ መስሎ ነበር። ወደ ሐረር ሲቃረብ ግን ልብሰ ምስጢሩን ትቶ፣ ከኤደን የእንግሊዝ ሹም የተላከ የሚመስል ደብዳቤ ራሱ ጽፎ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 3 ቀን 1855 ዓ.ም. በግልጽ እንግሊዛዊነቱ ወደ ከተማዋ ገባ። አሚር አሕመድም ተቀብለው ከቤቶቻቸው በአንዱ አሳረፉት።

የአሚር እንግዳ መሆን ክብር ነው፤ በርተን ግን ያን ክብር ከእስራት ሊለየው አልቻለም። የሚሄድበት፣ የሚያነጋግረው ሰውና የሚወጣበት ቀን በአሚሩ ፈቃድ የተወሰነ ነበር፤ በግልጽ ተቀምጦ መጻፍም አደጋ ነበረው። በ10ኛው ቀን፣ ጥር 13፣ ከተማዋን ለቆ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1856 ባሳተመው መጽሐፍ መጨረሻ የሐረሪ ቋንቋ የሰዋስው መግለጫና የቃላት ዝርዝር አለ። የሚያስገርመው፣ ይህን ሥራ የደከመበት ከቅጥሩ ከወጣ በኋላ፣ ዊለንሲ በተባለ መንደር ተቀምጦ፣ ከተማዋን ከሚያውቁ ሰዎች ጋር መሆኑ ነው። በበሩ ገባ፤ ነገር ግን ቤት አልገባም። ስለዚህም ከተማዋን የጠየቀው ከከተማዋ ውጭ ሆኖ ነው።

ከዚያ በኋላ በሩ በኃይል ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1875 የግብጽ ጦር ሐረርን ያዘ። ኦስትሪያዊው ፊሊፕ ፓውሊችኬ ከተማዋን የጎበኘው ይኸው ጦር በሚወጣበት ዓመት፣ በ1885 ሲሆን፣ የጉዞውን ውጤት በ1888 በጀርመንኛ አሳተመ። በ1887 ደግሞ ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ሐረር በንጉሥ ምኒልክ እጅ ገባች፤ የአሚሮቹም ዘመን አከተመ። ከእንግዲህ የውጭ አገር ሰው በበሩ ለማለፍ የአሚር ፈቃድ አያስፈልገውም ነበር። መንግሥታት ሊከፍቱት የሚችሉት ግን በሩን ብቻ ነው፤ የቤቱን ደጃፍ የሚከፍተው ባለቤቱ ነውና።

ባህላዊው የሐረሪ ቤት፣ ማለትም ጌይ ጋር፣ ለእንግዳ ተማሪ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ነው። ጫማውን አውልቆ ሲገባ ወንበር አያገኝም፤ የሚያየው ከፍታቸው የተለያየ፣ ነደባ የሚባሉ አምስት መደቦችን ነው። እያንዳንዱ መደብ የራሱ ስምና የራሱ ተቀማጭ አለው። ከሁሉ የተከበረው አሚር ነደባ የአባወራውና የክቡራን እንግዶች ስፍራ ሲሆን፣ በዚያ የተቀመጠ ሰው በበሩ የሚገባውን ሁሉ ያያል። ዕድሜን፣ ማዕረግንና ዝምድናን የሚመለከተው ሥርዓት በቃል ሳይነገር በመቀመጫ ይታያል። የት እንደሚቀመጥ ያላወቀ እንግዳ ማን ከማን እንደሚበልጥ ገና አላወቀም፤ ያን ያላወቀም ጥያቄውን ለማን እንደሚያቀርብ አያውቅም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከመጠየቅ ይልቅ ማየት፣ ከመጻፍ ይልቅ መስማት ይበጃል።

ሁለተኛው ትምህርት ቋንቋ ነው። በከተማዋ ገበያ አማርኛም ኦሮምኛም ሶማልኛም ይሰማል፤ እንግዳውም በእነዚህ በአንዱ ተግባብቶ ዕለቱን ሊገፋ ይችላል። የቤት ውስጥ ጨዋታ፣ የሠርጉ ዘፈንና የእናቶች ምክር ግን በጌይ ሲናን ነው። ይህን ቋንቋ በሰፊው ለዓለም ካስተዋወቁት ሊቃውንት አንዱ ወልፍ ሌስላው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1963 የሐረሪን ቋንቋ ሥርወ ቃል የሚተነትን መዝገበ ቃላት አሳትሟል። ከበርተን አጭር የቃላት ዝርዝር እስከዚህ መጽሐፍ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል።

ሦስተኛው ትምህርት ማኅበራዊ ኑሮ ነው። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው አሜሪካዊው ሲድኒ ዋልድሮን እ.ኤ.አ. በ1974 ያቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ፣ በቅጥሩ ውስጥ ያለው ማኅበረሰብ ራሱን እንዴት እንደሚያስተዳድርና እንደሚቈጣጠር የሚመረምር ነው። ዋልድሮን ሐረሪን ያስተሳሰሩትን ሦስት ሐረጎች ለይቶ አሳይቷል፦ አፎቻ የተባለው የሠርግና የለቅሶ መረዳጃ ማኅበር፣ አህሊ የተባለው ዝምድናና የባልንጀሮች ማኅበር ናቸው። እንዲህ ያለው ነገር በመጠይቅ ወረቀት አይገኝም። አፎቻን የሚያውቅ ለቅሶ የደረሰ ነው፤ ባልንጀርነትንም የሚያውቅ በበርጫ ተቀምጦ ከሰዓት በኋላውን ከሰው ጋር የዋለ ነው። በዚህ ዓይነት ከተማ ተማሪው ሥራ ፈትቶ የዋለ የሚመስልበት ቀን ብዙ የተማረበት ቀን ሊሆን ይችላል።

ከዚህም ጋር አንድ ቁም ነገር አለ። ተማሪው የሚገባበት ቤት የከተማዋን ግማሽ ሲከፍትለት ሌላውን ግማሽ ሊዘጋበት ይችላል። ሴቶች ለብቻቸው ተሰብስበው ስፌት የሚሰፉበትና የሚመካከሩበት ቦታ ለወንድ እንግዳ ክፍት አይደለም። በስፌት ሥራቸው የታወቁት የሐረር ሴቶች ጥበብና የቤቱ አያያዝ በጽሑፍ በሰፊው የተገለጸው እንደ ኤሊዛቤት ዶሮቴያ ሔክት ያሉ ሴቶች ጥናት ካደረጉ በኋላ ነው። በ1990ዎቹም የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረችው ካናዳዊት ካሚላ ጊብ በሐረሪ ቤተሰብ ዘንድ ተቀምጣ ስለ ከተማዋ ሃይማኖታዊ ሕይወትና ስለ ወሊዮቿ ክብር አጠናች፤ በኋላም ሐረርን መቼት ያደረገ ልብ ወለድ በ2005 አሳተመች። በርተን በ10 ቀን ያላገኘውን እነዚህ ያገኙት በእውቀት ስለ በለጡት ብቻ አይደለም፤ የቤት ልጅ ለመባል ፈቃደኞች ስለ ነበሩና የቤቱም ሰዎች ስለ ፈቀዱላቸው ነው።

ይሁንና የእንግዳ ዓይን ብቻ ለታሪክ አይበቃም። ዱሪ መሐመድ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1955 የኮሌጁ የሥነ ሕዝብ ማኅበር በሚያወጣው መጽሔት ላይ «ሙጋድ» ስለሚባለው የሐረሪ ወጣቶች የእኩዮች ማኅበር ጽፈዋል። በኋላ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንትና ሚኒስትር ለመሆን የበቁት እኚህ ሰው፣ ስለ ሙጋድ ለመጻፍ የሚያሳድራቸው ቤት መፈለግ አላስፈለጋቸውም። የሳቸው ችግር የእንግዳው ተቃራኒ ነበር፤ የለመዱትን ነገር እንደ አዲስ ማየትና ለማያውቀው አንባቢ ማስረዳት ነበረባቸው። የውጭው ተማሪ እንግድነቱን፣ የውስጡ ተማሪ ደግሞ ልማዱን ማሸነፍ አለበት።

ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ በውስጧ 82 መስጊዶችና 102 የወሊዮች መካናት መኖራቸው ተገልጿል። ዛሬ ወደዚያ የሚሄድ ተማሪ መንገዱ ከቀደሙት ይልቅ ቀሎለታል፤ የቃላት መዝገቡም፣ የቤቱ ፕላንም፣ የማኅበራቱም ትንታኔ ታትሞ ይጠብቀዋል። ሆኖም ይህ ሁሉ እስከ በሩ የሚያደርስ ስንቅ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚሰጠው ቤቱን የሚከፍትለት ቤተሰብ ነው፤ ይህም ውለታ ዕዳ አለው። ብዙዎቹ ስለ ሐረር የተጻፉ መጻሕፍት የታተሙት በባዕድ አገር፣ የቤቱ ባለቤቶች በማያነቧቸው ቋንቋዎች ነው። በነደባው ላይ ተቀምጦ የሰማውን ይዞ የሄደ ተማሪ፣ የጻፈውን ወደዚያው ነደባ መልሶ ካላመጣ እንግድነቱ አልተፈጸመም። በመጀመሪያው ቀን «የማን እንግዳ ነህ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው፣ በመጨረሻው ቀን «ምን አተረፍህልን?» ለሚለው ጥያቄም መልስ ሊኖረው ይገባል።